ሁሉም እሺ ያሉት ፕሮግራም

ሥራ በጀመርሁበት ቀን አቶ ፋንታው የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ኮምፒውተሩን ከዶሮ እንድጠብቅ ነበር። ቢሮው ላሊበላ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መጋዘንነቱ እንደቀረ ለዶሮዎቹ የነገራቸው አልነበረም፤ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ከጠረጴዛው ሥር ይጭራሉ። የኮምፒውተር ዲግሪዬን በላስቲክ አስለብሼ የሄድሁት እኔ፣ ያን ቀን ዶሮ ሳባርር ዋልሁ።

አቶ ፋንታው የአስጎብኚ ድርጅትና የትንሽ እንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናቸው። ከዚያ በፊት የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ ወንበሩን ለቀዋል እንጂ ስብሰባውን አልተዉትም። ቢሮው ውስጥ ከእሳቸው ቀጥሎ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ከዚያ አስጎብኚዎቹ፣ ከዚያ ሾፌሮቹ፣ ከዚያ በቅሎ ጫኞቹ በማዕረግ ይደረደራሉ። እኔ የት እንደምገባ ማንም ስላላወቀ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ተባልሁና ቀረሁ። ስሜ ብርቄ ነው፤ እስኪለመድ ጊዜ ወሰደ።

ዘመኑ ኢሕአዴግ ሊሰናበት ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነበር። ኢንተርኔት እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ይልና ይጠፋል። መብራት ሲሄድ የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ይጮኻል፤ ዩፒኤሱ ሲጮኽ ዶሮዎቹ ይሮጣሉ። የአሁኖቹ ልጆች «ሰርቨሩ ዘገየብን» ብላችሁ ስታማርሩ የምስቀው ለዚህ ነው።

የተቀጠርሁበትን ጉዳይ ላስረዳ። አንድ ቱሪስት ላሊበላ ሲመጣ ቀኑ እንደ ሰንሰለት ነው። አውሮፕላኑ ያርፋል፤ ሾፌር ይቀበላል፤ ምሳ ይቀርባል፤ ወደ አሸተን ማርያም ከሆነ በቅሎ ይጫናል፤ ወደ ገነተ ማርያም ከሆነ ቁልፍ የያዙት ቄስ መጥተው በሩን ይከፍታሉ። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። እስከዚያ ድረስ ይህን ሁሉ የሚያቀናጁት አቶ ፋንታው ራሳቸው ነበሩ፤ በሁለት ስልክ፣ በአንድ ጉሮሮ። ጉሮሯቸው ሲደክም ነው እኔን የቀጠሩኝ።

እኔም አንድ ላይብረሪ አገኘሁ። ላይብረሪ ስል መጽሐፍ የሚነበብበትን ቤት አይደለም፤ በእኛ ሙያ ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠው፣ እኛ ወስደን በራሳችን ፕሮግራም ውስጥ የምናስገባው ኮድ ነው። ይኸኛው ሥራዎችን በተራ ያሰልፋል። አንዱ ሥራ ማለቁ ሲነገረው ቀጣዩን ያስነሣል፤ አንዱ ከከሸፈ እንደገና ይሞክራል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ዋጋ የለውም። የጻፈው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። የሚጠቀሙበት ሁሉ አስተያየታቸውን የሚለጥፉበት ገጽ አለው፤ እዚያ ገጽ ላይ ሰውዬውን ፊት ለፊት ሲዘልፉት ሳነብ «እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ?» አልሁ።

ላይብረሪውን ከሲም ካርድና ከሞደም ጋር አገናኘሁት። ለእያንዳንዱ ሰው በስልኩ አጭር መልእክት ይሄዳል፦ «እንግዶች አሉ፤ ይምጡ። ሲጨርሱ 1፣ ካልቻሉ 2 ይላኩ።» ለበቅሎ ጫኞቹ የበቅሎው ቁጥር ይጨመርበታል። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ? ሁሉንም ሰብስቤ አስተማርሁ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ» አሉ፤ አንድም ሰው ጥያቄ አልነበረውም። እኔ ጅል ደስ አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በመጡ ዕለት ፕሮግራሙን ከፍቼ፣ አቶ ፋንታውን ከጎኔ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ለሾፌሩ መልእክት ሄደ፤ 1 ተመለሰ። ለወጥ ቤት ሄደ፤ 1። ለበቅሎ ተራ ሄደ፤ 1። የገነተ ማርያምን ቁልፍ ለያዙት ለቄስ ገብሬ ሄደ፤ 1። ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። እኛ የያዝነው ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሙሉ ቀን ጉብኝት አለቀ። እንግዶቹ ግን ገና አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣቸውን እየጠበቁ ነበር።

ፕሮግራሙ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ሥራ የጨረሰን ሁሉ ያመሰግናል፤ ጉብኝት ሲያልቅ ለእንግዶቹ «ስለ ጎበኙን እናመሰግናለን፤ ጉብኝትዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ይልካል። ላከ። አንዲት ሴትዮ «የትኛው ጉብኝት?» ብላ መለሰች። አቶ ፋንታው መልእክቱን አስተርጉመው አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅት፣ ላሊበላን በሻይ ሰዓት ያስጎበኘ ከአንቺ በፊት አልነበረም» አሉ። ከዚያ ሁለቱን ስልኮቻቸውን አንሥተው መጮኽ ጀመሩ።

ጥፋቱን በማሽን ላይ ፈለግሁ። ሞደሙ ራሱ 1 እየመለሰ መሰለኝ፤ ቀየርሁት። ሲም ካርዱን ቀየርሁ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብሁ። በራሴ ስልክ ስሞክረው ልክ ነው። ሰዎቹን አልጠረጠርሁም፤ ቄስ ገብሬ ያልከፈቱትን በር ከፍቻለሁ ይላሉ ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ነፍስ አባት ናቸው እኮ!

መጨረሻ ላይ ላይብረሪው ነው ጥፋተኛው ብዬ ለባለቤቱ ጻፍሁ። ያን ጽሑፍ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል። ስለ ጤንነቱ ጠየቅሁ። ስለ ቤተሰቡ ጠየቅሁ። ሳያውቀን ስላደረገልን ውለታ አመሰገንሁ፤ ላይብረሪው እጅግ ጥሩ እንደሆነ፣ እጁ እንዲባረክ፣ ዕድሜ እንዲሰጠው ተመኘሁ። ከሁሉ በታች፣ ሰላምታው ካለቀ በኋላ፣ «ምናልባት ጊዜ ካገኘህ፣ አንዳንድ ሥራ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚያልቅ ይመስላል፤ ግን ጥፋቱ የእኔም ሊሆን ይችላል» አልሁ። በማግስቱ መልስ መጣ፦ «ስለ መልካም ቃልሽ አመሰግናለሁ። ችግር ስለሌለ ጉዳዩን ዘግቼዋለሁ።»

ዘጋው! እንደገና ጻፍሁ፤ አሁን ሰላምታውን በግማሽ ቀነስሁ። «ሠራተኛው ሥራውን ሳይጨርስ ጨርሻለሁ ይላል» አልሁት። በዚያ ላይብረሪ ቋንቋ ሥራውን የሚፈጽመው ማሽን «ሠራተኛ» ይባላል፤ ሰውዬው የእኔም ሠራተኞች ኮምፒውተሮች መስለውታል። መልሱ አጭር ነበር፦ «እንዲህ የሚያደርግ ሠራተኛ ተበላሽቷል። አጥፊውና እንደገና አስነሺው።» የእኔ ሠራተኛ ቄስ ገብሬ ናቸው፤ ሽበታቸው ደረታቸው የደረሰ። አጥፍቶ ማስነሣት ደግሞ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው።

በዚህ መሐል አቶ ፋንታው «ግምገማ እናደርጋለን» አሉ። የዚያን ዘመን ግምገማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ በአግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አቶ ፋንታው ቆመው «ማንም ሳይፈራ፣ ማንም ሳይሸሽግ፣ በዚህ ፕሮግራም ላይ ያለውን አስተያየት ይስጥ» አሉ። እኔ ከጎናቸው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቆምሁ።

መጀመሪያ ሾፌሩ ተነሣ። «ጅምሩ ይበል የሚያሰኝ ነው» አለና ተቀመጠ። አንዱ አስጎብኚ «ተጠናክሮ ይቀጥል» አለ። የበቅሎ ተራ አስከባሪው አያ መልኬ፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ «እቴ ብርቄ ደክማለች። እጇን ይባርከው። እኛ ምን እንላለን?» አሉ። ቄስ ገብሬም መረቁኝ። ወረቀቴ ላይ የሞላው ምርቃት ብቻ ነበር። በማግስቱ በቅሎዎቹ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ መጡ።

አቶ ፋንታው ብቻዬን ጠሩኝ። «ለገና ሰሞን እንግዳ ከሚልክልን የአዲስ አበባ ወኪል ጋር ትልቅ ቡድን ይመጣል» አሉ። «ወኪሉ ራሱ አብሮ ነው። በዚያ ቡድን ላይ ይህ ነገር ከሠራ ትቀጥያለሽ። ካልሠራ ኮምፒውተሩን ለዶሮዎቹ እለቅላቸዋለሁ፤ አንቺም ወደ አጎትሽ።» አጎቴ ወገል ጤና፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ደብዳቤ እየተየብሁና ማኅተም እየመታሁ የምኖርበት ወንበር አዘጋጅቶልኝ ነበር። መልካም ወንበር ነው፤ እኔ ግን ከኮድ ሌላ የምወደው ሥራ አልነበረኝም፣ ላስታ ውስጥ ኮድ የሚያጽፍ ሌላ ቤትም አልነበረም። ያን ዕለት ከቢሮ ወጥቼ ከአጥሩ ሥር አለቀስሁ። አለቀስሁ ስል በደንብ ነው ያለቀስሁት፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ውኃ አመጣችልኝ።

እያለቀስሁ ነው አንድ ተንኮል የመጣልኝ። እነዚህ ሰዎች ክፉ ነገር መናገር ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፤ አያ መልኬ ሰነፍ በቅሎ ነጂ ሲገስጹ ከሩቅ ይሰማል። ለእኔ ነው ያልቻሉት። ሠርቼ፣ ደክሜ፣ ፊታቸው ቆሜ «እንዴት ነው?» የምል የሰው ልጅ ነኝ። እንግዲያውስ ሠሪው ሌላ ሰው መሆን አለበት አልሁ። ሩቅ ያለ ሰው፤ ዘመዱን ማንም የማያውቀው። ስሙን ኢንጂነር ሳምሶን አልሁት። አዲስ አበባ አስቀመጥሁት። ትንሽ ኩሩም አደረግሁት፤ ኩሩ ሰው ለስድብ ይመቻል።

በማግስቱ ወደ በቅሎ ተራ ወረድሁ። አያ መልኬ ኮርቻ እያጠበቁ ነበር።

«አያ መልኬ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ እንዴት አደርሽ እቴ?»

«ያ ፕሮግራም እኮ የኔ አይደለም» አልሁ። «ሳምሶን የሚባል አዲስ አበባ ያለ ኢንጂነር ነው የሠራው። እኔ ላኪ ተቀባይ ነኝ። የሰዉን አስተያየት ሰብስበሽ ላኪልኝ ብሎኛል።»

ጠፍሩን ለቀቁት። «አንቺ አይደለሽም የሠራሽው?»

«እኔማ ምን አውቄ!»

«እርግጥ ነው?»

ማርያምን ብዬ ልምል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀና ስል የአሸተን ማርያም ተራራ ትክ ብሎ ያየኛል፤ ተውሁት። «እርግጥ ነው» ብቻ አልሁ።

አያ መልኬ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ኧረ ኑ እናንተ ሰዎች! የዚያ ነገር ሠሪው ሌላ ሰውዬ ነው አለች!»

ጉድ ፈላ። «ይኸ ሰውዬ በቅሎ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም!» አለ አንዱ። «በቅሎ ቁጥር አራት ይምጣ ይለኛል» አለ ሌላው፤ «በቅሎዬ ስም የላትም? ዳማ ናት። የሱ እናት እሱን ልጅ ቁጥር ሁለት እያለች ነው የጠራችው?» አንዱ ደግሞ መልእክቱ ያለ ሰላምታ «ይምጡ» ማለቱ አንገብግቦታል፤ «እንደ ፖሊስ! ምን አጠፋሁ?» አለ። ሁሉም ጠቃሚ ነበር ብዬ አልዋሽም። አንዱ በመልእክቱ ላይ የኳስ ውጤት እንዲጨመርለት ጠየቀ። ሌላው በቅሎው ስለምትደነግጥ የስልኩን ጩኸት ሳምሶን በዋሽንት እንዲለውጥለት ፈለገ። ሁሉንም ጻፍሁ።

ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። ሲመርቁኝ ያላመንኋቸው ሰዎች ሲሰድቡኝ ግን ቃል በቃል ይገባኝ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አልቻልሁም። «እሱም እኮ ብዙ ደክሟል» አልሁ።

«ደክሞት ነዋ እንዲህ የሆነው!» አለ የዳማ ባለቤት። ሁሉም ሳቁ። አያ መልኬ ግን ሳይስቁ አዩኝና ወደ ኮርቻቸው ተመለሱ።

ከዚያ በባጃጅ የተቻለውን ያህል፣ የቀረውን በእግሬ ገነተ ማርያም ሄድሁ። ቄስ ገብሬ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምሁና የሳምሶንን ወሬ ነገርኋቸው። በሕይወቴ ለቄስ የዋሸሁት ያኔ ነው፤ ንስሐውን በኋላ ለእሳቸው ለራሳቸው ገባሁ።

«እንዲያ ከሆነስ ንገሪልኝ» አሉ። «መልእክቱ ይመጣል። ሰው ሲጠራሽ አቤት ትያለሽ አይደለም?»

«እላለሁ አባቴ።»

«እኔም አቤት ለማለት አንድን እጫናለሁ። ከዚያ ቁልፌን ይዤ እነሣለሁ። ገና ከበራፌ ሳልወጣ ያ ሰውዬ ‹ስለ ጨረሱ እናመሰግናለን› ይለኛል። ምኑን ጨረስሁት? ሽሙጥ መስሎኝ ነበር።»

ሞደም የቀየርሁት፣ ሲም ካርድ የቀየርሁት፣ ባሕር ማዶ የጻፍሁት ለዚህ ነው! ሾፌሩም፣ ወጥ ቤቱም፣ በቅሎ ጫኞቹም ተጠርተው ዝም ማለት ነውር ስለሆነባቸው «አቤት» ሲሉኝ፣ ላይብረሪው ሥራው አለቀ ብሎ ሲያጨበጭብ ኖሯል።

«ካልቻሉ ደግሞ ሁለትን ይላኩ ይላል እኮ» አልኋቸው።

«ውይ ልጄ! እንግዳ መጥቶ ሳለ አልከፍትም ብዬ ልላክ? ይህ ከሰው አፍ ይወጣል?»

«ለቅሶ ቢገጥምዎስ? ቢያምዎትስ?»

«ሰው እልካለሁ። ቁልፉን ለቄስ ሞገስ ሰጥቼ እሱ ይሄዳል። ሰው የላከ ቀረ አይባልም።»

በመመለሻዬ ቁልቁለቱ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። እነሱን «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብዬ ስበሳጭ፣ እኔ ራሴ ለላይብረሪው ባለቤት የጻፍሁት ምን ነበር? ጤና ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ፣ ላይብረሪህ ግሩም ነው። ሰውዬውም እንደ እኔ ምርቃቱን ሰብስቦ ችግር የለም ብሎ ዘጋው። ከዚያ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡት በምንም አልሻልም ነበር።

ቢሮ እንደገባሁ ያለ ሰላምታ ጻፍሁለት። እናቴ ብታነበው አልወለድኋትም የምትለውን ዓይነት ነው የጻፍሁት። «ላይብረሪህ ያልተጀመረና ያለቀ ሥራ ብቻ ያውቃል። መሐሉን አያውቅም። የእኔ ሠራተኞች ማሽን አይደሉም፤ ሰዎች ናቸው። ሰው ሲጠራ መጀመሪያ ሰማሁ ይላል፤ ቆይቶ አደረስሁ ይላል። ካልተመቸው ሌላ ሰው ይልካል። ለእነዚህ ለሦስቱ ለየብቻ ቦታ የለህም። ቦታውን የሚያበጀው ኮድ ከዚህ ጋር ተያይዟል።» ላክሁና ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥሁ። ማየት ፈርቼ ነው።

መልሱ ሲመጣ እንዲህ ይል ነበር፦ «አሁን ገባኝ። ሰዎች እንደ ሠራተኛ ይጠቀሙበታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለምን መጀመሪያ እንዲህ አላልሽኝም?» ኮዴን ተቀበለው። ከላስታ የወጣ ኮድ በዚያ ላይብረሪ ውስጥ ገባ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ብነግራት «ታዲያ ይከፍሉሻል?» አለችኝ። አይከፍሉም አልኋት። አዝናልኝ ሄደች።

መልእክቱን እንደገና ጻፍሁ። ሰላምታ አስቀደምሁ። በቅሎዎቹን በየስማቸው አስገባሁ። ከታች ደግሞ፦ «1 አቤት፣ 2 አድርሻለሁ፣ 3 ሰው ልኬያለሁ፤ ስሙን ይጨምሩ።» ካልቻሉ የሚለውን ከነአካቴው አወጣሁት። የኳስ ውጤቱን አልጨመርሁም፤ ሳምሶን እምቢ ብሏል አልሁ።

የገና ሰሞን ደረሰ። ከተማው በምእመናን ነጭ ሆኗል፤ ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ቡድኑም ከነወኪሉ መጣ። ጠዋት አያ መልኬና ጓደኞቻቸው እንግዶቹን አሸተን ማርያም አውጥተው አወረዱ፤ አቤት፣ ከዚያ አድርሻለሁ፣ በየተራው መጣ። ምሳ ተበላ። የቀረው ገነተ ማርያም ነው። መልእክቱ ለቄስ ገብሬ ሄደ። 1 ተመለሰ። ከዚያ ዝም።

መኪናዎቹ ሞተር አስነሥተው ቆሙ። ቁልፉ መድረሱ ሳይነገረው ፕሮግራሙ ለሾፌሮቹ የመነሻ መልእክት ልኮ መኪና አይለቅም፤ እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት። ወኪሉ ሰዓቱን አየ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። አቶ ፋንታው እየተንደረደሩ ቢሮ ገቡ።

«ምን ሆነ?»

«ቄስ ገብሬ አቤት ብለዋል፤ ገና አላደረሱም» አልሁ።

«አቤት ካሉ መጡ ማለት ነው! ልቀቂያቸው!»

ኮምፒውተሩ ላይ በእጅ መልቀቂያ ቁልፍ አለ፤ ጣቴ እሱ ላይ ነበር። መጫን ቀላል ነው። «አቤት ማለት ሰምተዋል ማለት ነው አቶ ፋንታው። መጥተዋል ማለት አይደለም። አሁን ብለቃቸው የተዘጋ በር ላይ ነው የሚደርሱት።»

«ሰዉ እያየኝ ነው እኮ! ልቀቂ አልሁሽ!»

«አልለቅም» አልሁ። በዚያ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ያልሁት ያኔ ነው።

«እንግዲያው ዕቃሽን ሰብስቢ። ወገል ጤና ትሄጃለሽ» አሉና ስልካቸውን አነሡ። ደወሉ፤ የቄስ ገብሬ ስልክ አይነሣም። እንደገና ደወሉ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ በልቤ ኪዳነ ምሕረትን እየተማጸንሁ ነበር፤ ስለ ላይብረሪ ኪዳነ ምሕረትን የተማጸነ ሰው ከእኔ ሌላ አለ ብዬ አላምንም።

ስልኩ ጆሯቸው ላይ እያለ ስክሪኑ ተለወጠ። 3። ከጎኑ «ሞገስ» የሚል ስም። ጥቂት ቆይቶ ከቄስ ሞገስ ስልክ 2 መጣ። ፕሮግራሙ መኪናዎቹን ለቀቀ። አቶ ፋንታው ስልካቸውን ከጆሯቸው አውርደው በመስኮት የመኪናዎቹን አቧራ አዩ።

በኋላ እንደሰማነው ለቄስ ገብሬ የቅርብ ጎረቤት አርፎባቸው፣ መልእክቱ ሲደርስ ፍትሐት ላይ ነበሩ። አቤት አሉ። ቁልፉን ለቄስ ሞገስ እስኪያደርሱ ነው የዘገየው። እንግዶቹ ሲደርሱ በሩ ተከፍቶ፣ መስቀሉ ወጥቶ ጠበቃቸው። ወኪሉ ከሄደ በኋላ አቶ ፋንታው ቢሮ ተመለሱና ከአግዳሚው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ወገል ጤና ትቆይ» አሉ። «ከነገ ጀምሮ ለክፍል አጽጂዎቹም አድርጊላቸው።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ያ ሳምሶን የሚሉት ሰውዬ ግን ማነው? የበቅሎ ተራው ሁሉ ስሙን ይጠራል። እኔ አልቀጠርሁትም።»

«የለም» አልሁ።

«የለም ማለት?»

«ፈጥሬው ነው።»

ከአግዳሚው ብድግ አሉ። ቀጥሎ ደሞዜን የሚቆርጡት መስሎኝ ነበር። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «እንግዳ ቅሬታ ሲያመጣ እኔም እሱን እላለሁ።» ከዚያ ወዲያ በዚያ ድርጅት ውስጥ ለጠፋው ሻንጣ፣ ለቀዘቀዘው ሻወር፣ ለሁሉም ሳምሶን ተጠያቂ ሆነ።

በማግስቱ ወደ በቅሎ ተራ ወረድሁ። አያ መልኬ ዳማን ውኃ እያጠጡ ነበር።

«ሳምሶን ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው።»

«በዪው፦ በቅሎዎቹን በስማቸው መጥራቱን ወደንለታል። ሰላምታው ግን በዛ። እንዴት አደሩ፣ እንዴት ሰነበቱ እያለ ስልኬን ይሞላዋል፤ ዋናውን ለማግኘት መነጽሬን ነው የምፈልገው። ያሳጥረው።»

«እነግረዋለሁ» አልሁ፤ ፊቴ ጋለ።

ዓይናቸው ሳቀ። ከኋላቸው የዳማ ባለቤት አፉን በነጠላው ሸፈነ፤ ሌሎቹም ወደ ተራራው ዞሩ።

«ታውቁ ነበር?» አልኋቸው።

«‹ብዙ ደክሟል› ብለሽ ዓይንሽ እንባ ሲያቀርር ነው ያወቅነው። ሰው ለማያውቀው ሰው እንዲያ አይሆንም እቴ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ምን ብለን? የሳምሶን ነው ባልሽ ጊዜ እኛም ተነፈስን፣ አንቺም ጻፍሽ። ያንቺ ነው ብትይ ኖሮ እስከ ዛሬ እየመረቅንሽ ነበር፤ አንቺም ዛሬ ወገል ጤና ነበርሽ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሮ ሠርቻለሁ፤ ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ። በየቦታው የማስተምረው አንድ ነገር ነው። ሰው ፊታችሁን እያየ ሥራችሁን አይነቅፍም። አስተያየት ስትፈልጉ ራሳችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ሰው ላኩ። የምትልኩት ሰው ካጣችሁ ፍጠሩ።